«ወረሩ» ወይስ «አደጋ ጣሉ»? በስካርቦሮ ምክንያት የተነሳ የቃላት ወግ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የታሪክ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ቃል አጠረኝ። ታኅሣሥ 7 ቀን 1907 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 16 ቀን 1914፣ የጀርመን የጦር መርከቦች በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለችውን የባሕር ዳር ከተማ ስካርቦሮን መትተው ተመለሱ። እንግሊዞች «ሬይድ» ይሉታል። እኔ «የስካርቦሮ ወረራ» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው ግን አልጣመኝም። ምን ልበለው?

መላሽ፦ እህቴ፣ ባይጥምሽ እውነትሽን ነው። «ወረራ» ሲባል እኛ ፊት ድቅን የሚለው የጣሊያን አምስት ዓመት ነው። የወረረ ይገባል፣ ይሰፍራል፣ ባንዲራውን ይሰቅላል። አንበጣ እንኳ ማሳ ወረረ የሚባለው ሲያርፍበት ነው። ስካርቦሮ ላይ ግን አንድም ጀርመናዊ ከመርከብ አልወረደም። ደርፍሊንገርና ፎን ደር ታን የተባሉት ሁለት ግዙፍ መርከቦች መጡ፤ ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ወደ 500 የሚጠጋ የመድፍ ጥይት አወረዱባትና ሄዱ።

ለዚህ አማርኛ ዱሮውንም ቃል አለው፤ አደጋ ጣለ። ያልተዘጋጀን ሰው ድንገት ደርሶ መምታት ማለት ነው። ዛሬ «አደጋ» ሲባል የመኪና ግጭት ብቻ ይታየናል፤ ቃሉ እንዲህ መጥበቡ ያሳዝነኛል። «ጣለ» ከጎኑ ሲቆም ግን የጥንቱ ጉልበቱ ይመለሳል። «ሌሊቱን ገስግሶ አደጋ ጣለበት» በይው እስቲ። የጀርመን መርከቦቹ አዛዥ አድሚራል ሂፐር ያደረገው ይሄንኑ ነው፤ በጨለማ የሰሜን ባሕርን አቋርጦ ንጋት ላይ ደረሰ። የእንግሊዝኛው «ሬይድ» ራሱ ሥሩ ፈረስ ግልቢያ ነው። ጋልቦ ደርሶ፣ መትቶ መመለስ። ሁለቱ ቃላት በደንብ ይገጥማሉ።

ሰዓቱንም ተጠንቀቂ። ተኩሱ የተጀመረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። እንዲያው «2 ሰዓት» ብለሽ ከተውሽው የኛ አንባቢ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሥራ ገብቶ ይመስለዋል። በዚያ አገር በታኅሣሥ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ገና አልወጣችም። «ወገግ ሲል» ብትይ እውነቱን ያገኘዋል። ሰው ቁርስ ላይ ነበር። አንድ ፖስተኛ ለቤት ሠራተኛዋ ደብዳቤ ሲያቀብላት ሁለቱም እዚያው ደጃፉ ላይ ተገደሉ። ዋይከም በሚባለው መንገድ ከአንድ ቤት ብቻ 4 ሰው ሞተ።

ሌላ አባል፦ በ«አደጋ ጣለ» እስማማለሁ። «ወረራ»ን ግን ጨርሳችሁ አትጣሉት። የከተማው ሰው መድፉን ሲሰማ ጀርመኖች መሬት ሊወርዱ ነው ብሎ ነው የደነገጠው። ብዙው ልጁን አቅፎ ወደ ባቡር ጣቢያ ሮጠ፤ ሌላው በእግሩ ወደ መሀል አገር ነጎደ። ስለዚህ «ወረራ መጣ!» የሚለው ለሰዎቹ አፍ ይሁን። ተራኪው ደግሞ «አደጋ ጣሉ» ይበል።

መላሽ፦ ይሄ ግሩም ነው፤ እኔ አላየሁትም ነበር። ልጨምርበት። በዚያው ጠዋት ሌሎች የጀርመን መርከቦች ሃርትልፑል የተባለችውን የወደብ ከተማ መትተዋል። እዚያ የሞተው ከ100 በላይ ነው፤ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነበር። ግን ሃርትልፑል 3 መድፍ ነበራት፤ መልሳ ተኮሰች፤ ብሉሸር የተባለውን መርከብም መታች። ስለዚህ ለሃርትልፑል «ተታኮሱ» ማለት ይቻላል። ስካርቦሮ የሚመልስ መድፍ አልነበራትም። ለእሷ «ደበደቧት» ነው። ተኩሱ የሁለት ወገን መሆኑን የምታሳየው «ተ» የምትባል አንዲት ፊደል ሁለቱን ከተሞች ትለያቸዋለች። ድብደባው ሕግ ጥሷል ወይስ አልጣሰም የሚለው ክርክርም የተነሳው እዚህ ላይ ነው፤ በ1907 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሄግ ስምምነት መከላከያ የሌለውን ወደብ በመርከብ መደብደብን ይከለክላል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተማርኩ። ሁለት ይቀሩኛል። ቸርችል ያኔ የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ነበር፤ መርከበኞቹን የስካርቦሮ «ሕፃን ገዳዮች» ብሏቸዋል። ከሞቱት አንዱ የ14 ወር ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ ወጣቶችን ለጦሩ የሚመለምል ፖስተር ወጣ፤ «ስካርቦሮን አስታውሱ!» ይላል።

መላሽ፦ «ሕፃናት ፈጂ» ይሻላል። «ገዳይ» በኛ ዘንድ ዱሮ ማሞገሻም ነበር፤ «ፈጂ» የሚለውን ግን ማንም ለሙገሳ አይፈልገውም። ፖስተሩን ደግሞ «ስካርቦሮን አትርሷት!» በይው። «አስታውሱ» የአስተማሪ ቃል ነው፤ ነገ ፈተና ያለ ያስመስላል። «አትርሷት» ግን እናት ለልጇ አደራ ስትል የምትለው ነው። «ት»ዋን አትተዪ፤ ከተማዋን ሰው የምታደርጋት እሷ ናት።

ሌላ አባል፦ ኮልበርግ የተባለችው መርከብስ? እነዚያ ከተማዋን ሲመቱ እሷ ከባሕሩ ላይ ፈንጂ ታኖር ነበር። «ፈንጂ ቀበረች» ልንል ነው?

መላሽ፦ ባሕር ላይማ መቅበር የለም። «አጠመደች» ነው። ይሄን ቃል በጣም ነው የምወደው፤ ዓሣም ይጠመዳል፣ ፈንጂም ይጠመዳል። ፈንጂውን ለመጥረግ ከተላኩት ጀልባዎች ብዙዎቹ ከጦርነቱ በፊት ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ከነሱም የሰጠሙ አሉ። ጽሑፍሽ እዚያ ሲደርስ ሁለቱንም ቦታ «አጠመደ» ብለሽ ጻፊው፤ በሌላ ቃል አትቀይሪው።