በወሎ ደጋ ጅረት ትራውት ዓሣ ቢለቀቅ ምን ይላችኋል?

የደሴ ተጓዥ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ከደሴ በላይ ወዳለው ደጋ ስንወጣ እጅ የሚያደነዝዝ ጅረት አገኘን። እንደ ባሌ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የሚወደው ትራውት ቢለቀቅበት ለመዝናኛ አይሆንም?

የሐይቅ ልጅ፦ ወንድሜ፣ የባሌው ትራውት ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ሥጋ በል ዓሣ በመሆኑ የጅረቱን ነፍሳትና የእንቁራሪት እጭ ሊጨርስ ስለሚችል እኔ አልደግፈውም። ማጥመድ ካማራችሁ በእኛው በሐይቅ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አለላችሁ።

እኅታችሁ ከወረኢሉ፦ በእኛ በኩል የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ በበጋ ውኃው ሲቀጥን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ይበትኑበትና ዓሣው፣ ጣት የማታህለው ጫጩት ሳትቀር፣ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ዳሩ ላይ ያለው ዛፍ ሲቆረጥ ደግሞ ጥላው ይጠፋል፤ የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው።

የደሴ ተጓዥ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው በክረምት መንጠቆ ሳይሆን የወይራ ችግኝ ይዘን እንወጣለን።