ሌሊት የሚያሳክክ ሽፍታ በካምፕ፦ እከክና ጭርትን እንዴት እንለይ? በማን እንጀምር?

የሻምበል ሜዲክ፦
ሰላም ባለሙያዎች። መቶ ሰው ገደማ ባለበት ሻምበል ሃያ የሚሆኑት ሌሊት ሲያኩ ነው የሚያድሩት። አብዛኞቹ የጣት መሀልና ወገብ ላይ ነው፤ ሦስቱ ብሽሽታቸው ላይ ክብ ነገር አላቸው። በእጅ ያለው ቤንዚል ቤንዞኤት 25% (የእከክ ቅባት)፣ ክሎትሪማዞል 1% (የፈንገስ ቅባት)፣ ቤታሜታዞን (ስቴሮይድ ቅባት) እና ባለ 3 ሚሊግራም አይቨርሜክቲን (የእከክ ክኒን፣ ጥቂት) ነው። ላቦራቶሪ የለም፣ ውኃ በቦቴ ነው የሚመጣው።

ቆዳ ሐኪም፦
እከክን የሚነግርህ ቦታው ነው፦ የጣት መሀል፣ የእጅ አንጓ፣ ብብት፣ እምብርት ዙሪያ፣ መቀመጫ። ብልት ላይ የሚያሳክክ ቋጠሮ ካለ ብዙ አትጠራጠር። አዋቂ ላይ ፊትን እምብዛም አይነካም። ካጠራጠረህ ሽፍታው ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ቀብተህ በአልኮል ጥረገው፤ የእከክ ተባይ ቆዳ ውስጥ የቆፈረው መንገድ ቀለሙን ይዞ እንደ ቀጭን መስመር ይቀራል።

ጭርት ፈንገስ የሚያመጣው፣ ጠርዙ ከፍ ያለና የሚቀረፍ፣ መሀሉ እየጠራ የሚሄድ ክብ ነው። ክሎትሪማዞሉን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከጠርዙ 2 ሴንቲሜትር ያህል አልፎ ይቀባ፤ ጠፋ ከተባለ በኋላም አንድ ሁለት ሳምንት ይቀጥል። ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ክቡ የማያሳክክና በጥጥ ሲነካ የማይሰማ ከሆነ ግን ሥጋ ደዌን ጠርጥርና ላከው።

ቤታሜታዞኑን ቆልፍበት። ጭርት ላይ ሲቀባ ማሳከኩ ይቀንሳል፣ ጠርዙ ይጠፋል፣ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል፤ ቀጥሎ የሚያየው ሰው በሽታውን አይለየውም።

ሲኒየር ነርስ፦
ሃያውን ብቻ ካከምክ በወሩ እንደገና ትጀምራለህ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ ያስተላልፋል። ስለዚህ መቶውንም በአንድ ቀን፣ ዘብ ላይ ያለውንም ጨምረህ። ፈቃድ የወጣው ሲመለስ ድንኳን ከመግባቱ በፊት ይታከም።

ቤንዚል ቤንዞኤት፦ የመጀመሪያው ምሽት ይታጠቡና ቆዳው ሲደርቅ ከአንገት በታች እስከ እግር ጣት ይቀባሉ፤ ጀርባን ጓደኛ ይቀባ፣ ጥፍር ይቆረጥ። ሦስት ተከታታይ ምሽት ይቀቡና ከመጨረሻው በኋላ ብቻ ይታጠባሉ። ለቦቴ ውኃ የሚመቸው ይሄ ነው። እጅ በታጠበ ቁጥር እጅ ላይ ይደገም፤ የሚረሳው ይሄው ነው።

መድኃኒቱ የቆሰለ ቆዳ ላይ ያቃጥላል። አይቨርሜክቲኑን ቆዳቸው ለቆሰለ አቆየው፦ በኪሎ 200 ማይክሮግራም፣ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 4 ክኒን ከምግብ ጋር። እንቁላሉን ስለማይገድል ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ይደገማል፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው 8 ክኒን ቁጠር። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። መግል ካለ ክሎክሳሲሊን (አንቲባዮቲክ) 500 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ለ7 ቀን። ፊቱ ካበጠ ወይም ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ኩላሊት ነውና ሳትዘገይ ላከው።

የሻምበል ሜዲክ፦
አመሰግናለሁ። ብርድ ልብሱን የምናጥብበት ውኃ አይበቃም። ከታከሙ በኋላስ ማሳከኩ ካልተወ ልድገም?

ሲኒየር ነርስ፦
ብርድ ልብስና ልብሱን በላስቲክ ቋጥረህ 3 ቀን አስቀምጥ፤ የእከክ ተባይ ከሰው ቆዳ ውጪ ከዚያ አያልፍም። ስፌቱ ውስጥ ቅማል ካገኘህ ግን ሦስት ቀን አይበቃም፣ ማፍላት ወይም መተኮስ ነው። ቅማል ያለበት ሰው ትኩሳት ከያዘው እንደ ቆዳ ችግር አትየው፤ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ሊሆን ይችላል፣ ደም ይታይለት።

ቆዳ ሐኪም፦
ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ የሞተው ተባይ ቅሪት ነው የሚያሳክከው። በየቀኑ መቀባት ቆዳውን ያደርቅና ሌላ ማሳከክ ያመጣል። ክሎርፌኒራሚን (ማሳከክ ማስታገሻ ክኒን) 4 ሚሊግራም ማታ ስጥ፣ ዘብ ለሚወጣ ግን አትስጥ፣ ያስተኛል። አዲስ ቋጠሮ ወይም አዲስ መስመር ካየህ ብቻ ድገም።

እግራቸውንም አያይዘህ እይ። ከስክስ ውስጥ እርጥብ ካልሲ ይዞ የዋለ እግር ነጥቶ፣ ተጨማዶ፣ ደንዝዞ ከሆነ ፈንገስ አይደለም። ቅባት አያድነውም፤ አድርቀህ ከፍ አድርግ። እሳት ዳር እንዳያሞቁት፣ ስለማይሰማቸው ይቃጠላሉ።