ክርክር፦ ከደሴ ኮምቦልቻ ባለው አስፋልት ላይ ከብት መንዳት ይከልከል?

አስተባባሪ፦
የዚህ ሳምንት መከራከሪያ ሐሳብ ከሞተረኞች የመጣ ነው። ከብት፣ አህያና ፍየል በዋናው አስፋልት ላይ እንዳይነዱ ጭራሽ ይከልከል ወይስ አይከልከል? ከነምክንያታችሁ ጻፉ። የሰው ስምና የታርጋ ቁጥር አትጥቀሱ።

ሞተረኛ ከሰኞ ገበያ፦
ይከልከል ባይ ነኝ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። ያንን ሁሉ ቁልቁለት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ ነው የምንወርደው። ክረምት መንገዱ በሚያልፍበት ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ኩርባውን ዞር ስትሉ አህያ ጭነቷን እንደተሸከመች መሀል አስፋልት ላይ ቆማ ታገኟታላችሁ። ባለመኪና ቢሆን ፓራውልቱ ይጨረመታል፣ መብራቱ ይሰበራል። የሞተረኛ ፓራውልት ጉልበቱ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አይቼ፣ ደንግጬ፣ ፍሬን እስክይዝ ድረስ አህያዋ ጋ ደርሻለሁ። አስፋልቱ ላይ እበት ካለና ካካፋበት ደግሞ ፍሬን መያዙ ራሱ ይጥላል። መንገዱ የተሠራው ለተሽከርካሪ ነው፤ ለተሽከርካሪ ይሁን።

የአንቻሮ ልጅ፦
ወንድሜ፣ አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፤ የምትለው አደጋ እውነት ነው። "ለተሽከርካሪ ነው የተሠራው" ያልከውን ግን አልቀበልም። ከብቶቻችን አስፋልቱ ሳይኖርም እዚያው ነበሩ። ግጦሹ ከመንገዱ በላይ ነው፣ ውሃው ከመንገዱ በታች። ቦርከና ወንዝ ወርዶ የሚጠጣ ከብት አስፋልቱን ሳይረግጥ በየት ይለፍ? ሐረጎ ላይ በአንድ ወገን ገደል ነው፣ በሌላው ወገን የተቆረጠ አለት። "ዳር ዳሩን ንዳ" ይሉኛል፤ ዳሩ የታለ? ገበያ የሚወርድ ሰው በሬውን በመኪና ጭኖ ይውሰድ ካላችሁም የጭነቱ ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። ከልክሉ የምትሉ ሁሉ ከብቱ በየት ይሂድ የሚለውን አብራችሁ መልሱልኝ።

ባጃጅ ነጂ ከኮምቦልቻ፦
የባቲን መንገድ አትርሱ። ሰኞ ሰኞ ለባቲ ገበያ ግመሉም ከብቱም በዚያ ነው። በሬ ሲመሽ ዓይኑ በመብራት ያበራል፤ ግመል ግን ዓይኑ ከመብራታችሁ በላይ ነው። እግሩን ስታዩ ደርሳችኋል።

ነርስ ነኝ፦
ክልከላውን ለሌሎች ልተወውና የማየውን ልናገር። ከከብት ጋር ተጋጭቶ የሚመጣ ሞተረኛ አብዛኛውን ጊዜ ቅልጥሙ ተሰብሮ ነው የሚመጣው፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣበትም አለ። ይህ በጊዜው ከታጠበና ከታሰረ ይድናል። የማይድነው ጭንቅላት ነው። ሄልሜታቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው የሚነዱ ልጆች አሉ፤ ትራፊክ ሲያዩ ያጠልቁታል። ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ ጭራሽ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ሚስቱ ወይም እህቱ ናት። እባካችሁ፣ ስለ በሬው ስትከራከሩ እሷንም አስቧት።

ሞተረኛ ከቧንቧ ውሃ፦
እኔም ሞተር ነጂ ነኝ፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ግን ይከልከል ከሚሉት ጋር አልቆምም። የማይፈጸም ክልከላ ማውጣት መንገዱን ባለበት ይተወዋል፤ ደግሞም ከብት የነዳ ሁሉ ሕገ ወጥ ስለሚሆን በአደጋ ጊዜ ሁሉም ይሸሻል።

አሁንም እየሆነ ያለው ይኸው መሸሽ ነው። በሬው ሲሞት ባለቤቱ ወዲያው ይደርሳል፤ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ የበሬው ዋጋ በዚያው ይቆረጣል። ሞተረኛው እግሩ ተሰብሮ በሬው ምንም ሳይሆን ሲቀር ግን በሬው የማንም አይደለም። "የማን ነው?" ሲባል እረኛው ልጅ እንኳ ዞር ይላል። ይህን የሚያውቅ ሞተረኛ በፈንታው ፍየል ከገጨ ጋዝ ሰጥቶ ያመልጣል። ሁለቱም ወገን የሚሸሸው ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም፤ የተገኘ ሰው ሁሉንም ብቻውን ስለሚከፍል ነው። ኃላፊነቱ ለሁለት ይከፈል። ያን ጊዜ ከብቱም ባለቤት ይኖረዋል፣ ሞተረኛውም ይቆማል።

ሁለተኛው ነገር አነዳዳችን ነው። አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ስለ ማርሽና ስለ ምልክት ተምሮ ይመጣል፤ ስለ ከብት ያስተማረው ሰው አላገኘሁም። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ ከብት ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም፣ ስለዚህ በጭራው በኩል እለፍ። አንዲት ፍየል ከተሻገረች ሌሎቹ ይከተሏታል፣ ከመሀላቸው አትግባ። ጥጃ በአንድ ወገን፣ ላም በሌላው ወገን ካየህ ላሟ መሻገሯ አይቀርም ብለህ ቁም። ውሻ ሲያባርርህ እግርህን አታንሳ፣ አትርገጠውም፤ ፍጥነትህን ቀንስና ሲቀርብህ ጋዝ ስጥ፣ ሒሳቡ ይበላሽበታል። እረኛ ካየህ ከብቱ ባይታይህም ከብት አለ።

የእንስሳት ሐኪም፦
የቧንቧ ውሃው ወንድሜ ያለውን ላጠናክር። በሬ ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ከሞላ ጎደል ዙሪያውን ያያል፣ ርቀት መገመት ላይ ግን ደካማ ነው። ሞተሩን አይቶታል፤ ምን ያህል እንደቀረበ ግን አያውቅም። ጡሩንባ ስትነፉበት ወዴት እንደሚዘል እሱም አያውቀውም። ጡሩንባ ከሩቅ ይሁን፤ ከቀረባችሁ በኋላ ተዉት። አህያ ስትደነግጥ እንደ ፈረስ አትሮጥም፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ብዙ ሰው ግትር ናት ይላታል፤ እሷ ግን አደጋውን የምትመዝነው ቆማ ነው። ስለዚህ "ትሸሻለች" ብሎ ወደ አህያ መንዳት ትልቅ ስሕተት ነው።

ሞተረኛ ከሰኞ ገበያ፦
ወንድሜ ከቧንቧ ውሃ፣ ምክርህ ጥሩ ነው፤ ጉም ውስጥ ግን ጭራው የት እንዳለ የሚታየው ማን ነው? ኃላፊነቱ ለሁለት ይከፈል ያልከውስ በምን ሕግ? ሞተር በመድን ነው፣ በታርጋ ነው። በሬው ታርጋ አለው?

ሕግ የተማርኩ፦
በሕጉ ላይ ልግባበት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው በድንገት ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆንም። አንቀጽ 2081 ደግሞ የባለሞተር ተሽከርካሪን ባለቤት በተሽከርካሪው ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። በሁለቱም በኩል ኃላፊነቱ የሚመጣው ጥፋት ባይኖርም ነው። ተጎጂው በራሱ ጥፋት ለጉዳቱ ድርሻ ካለው ደግሞ ካሳው ይቀነሳል። ስለዚህ "ሁሌም ሞተረኛው ይክፈል" የሚለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሞተረኞች ልታውቁ ይገባል። የቤት እንስሳ ባለቤት ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነቱ እንዲወጣ ሕጉ ይፈቅድለታል። ለስድስት ወር የተኛ ሰው አህያ ተሰጥቶት ጉዳዩ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። የሦስተኛ ወገን መድኑም የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ ያደረሳችሁትን ነው፤ ነጂው ለራሱ ስብራት አይጠቀምበትም።

አዛውንት ከቃሉ፦
ልጆቼ፣ ፍርድ ቤቱን ሁሉም ሰው አይደርስበትም። እኛ ጋ ነገሩ የሚያልቀው በአበጋር፣ ማለትም በአገር አስታራቂ፣ እና በሽማግሌ ነው። እኔም ተቀምጬባቸዋለሁ። ሞተረኛው ሁሌ ይከፍላል የተባለው በብዙው እውነት ነው። ምክንያቱ "ደሀው ባለከብቱ ነው" መባሉ ነው። ድሮ ሞተር የያዘ ሰው ደሞዝተኛ ነበር፤ ወይ የጤና፣ ወይ የግብርና ሠራተኛ፤ ካሳው አይጎዳውም ነበር። ዛሬ ሞተሩን በብድር ገዝቶ ሰው እያመላለሰ የሚያድር ልጅ ነው። ሽማግሌ ይህን ማየት አለበት። ግን ጉዳዩ ወደኛ የሚመጣው ሞተረኛው ከቆመ ነው። ጥሎ የሄደን ሰው ጉዳይ ምን ብለን እንየው?

ሞተረኛ ከቧንቧ ውሃ፦
አባባ፣ አንቱ ያሉት ልክ ነው። ሽምግልናው ሁለቱንም ጉዳት አንድ ላይ ይመዝን ነው የምለው፤ የበሬውን ዋጋና የልጁን የሕክምና ወጪ። አሁን የሚመዘነው በሬው ብቻ ነው። ልጁ "ኃይለኛ ስለነዳህ ነው" ይባልና ወደ ቤቱ ይሸኛል። ፍጥነቱን ማንም አልለካውም።

የአንቻሮ ልጅ፦
ይህን እቀበላለሁ። ከብት ያለ እረኛ አስፋልት ላይ የለቀቀ ሰው ይጠየቅ፤ እኔም ብሆን። ነገር ግን የስምንት ዓመት ልጅ ሃያ ከብት ሲያሻግር "ጠባቂ ነበረው" ብለን ልናመልጥ አይገባም፤ ይህን ለራሳችን ሰዎች ነው የምናገረው። ልጁንም መኪና ሊበላው ይችላል። በማለዳና ሲመሻሽ አዋቂ ሰው ያሻግር፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ።

ነርስ ነኝ፦
ለሊት ፈረቃ የምትወጣ የፋብሪካ ሠራተኛ በሞተር ነው የምትመለሰው። በቀንዱ ወይም በአንገቱ ላይ አንጸባራቂ ጨርቅ የታሰረለት ከብት ከሩቅ ይታያል። የመንገድ ሠራተኞች ሰደርያ ላይ ያለው ዓይነት ማለቴ ነው። ቁራጩ ውድ አይደለም። ለጭነት አህያ ደግሞ ኮርቻው ላይ መስፋት ነው።

ሞተረኛ ከሰኞ ገበያ፦
አንጸባራቂው ጉም ውስጥም ይረዳል፤ በዚህ እስማማለሁ። የሞተረኞች ዕድርም ጨርቁን በመግዛት ያግዝ እላለሁ፤ ለራሳችን እግር ነው። ካሳው ለሁለት የሚለውም ይሁን። ከመግሪብ በኋላ ግን ክልከላው ይቁም። በጨለማ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ ከብት አስፋልት ላይ የሚነዳበት ምክንያት አይታየኝም።

የአንቻሮ ልጅ፦
የሰፈሩ ከብት በመግሪብ በረት ውስጥ ነው፤ በእሱ እስማማለሁ። ከባቲ ተገዝቶ በእግሩ የሚመጣው ግን መንገድ ላይ ይመሽበታል፤ ነጋዴውም የትም ማሳደሪያ የለውም። ማታውን ልትከለክሉ ከሆነ መጀመሪያ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ውሃ ያለው የማደሪያ በረት ይሠራ። ቀበሌው ቦታውን ይስጥ፣ አጥሩን እኛ እናጥራለን። በረቱ ሳይኖር የምታወጡትን የማታ ክልከላ ግን እቃወማለሁ።

አስተባባሪ፦
የማታው ክልከላና የበረቱ ጥያቄ ለብቻው ይቀጥላል። የቀን ክልከላን የምትደግፉ አሁንም ካላችሁ ለአንቻሮው ልጅ ጥያቄ መልስ ይዛችሁ ግቡ፤ ሐረጎ ላይ ከብቱ በየት ይለፍ?