የድሮ የደሴት ጀብዱ ታሪኮች፦ ቆርጠን እንተርጉም ወይስ እንዳሉ?

ተርጓሚው፦ ምክር ፈልጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ መጽሔት የወጣውን የአብርሃም ሜሪትን «ዘ ሙን ፑል» ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ተመራማሪዎች ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ወዳለችው ፖናፔ ደሴት ይሄዳሉ። እዚያ የድንጋይ ፍርስራሽ አለ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ከውስጡ አንድ ነገር ወጥቶ ሰው ይወስዳል። ልብ ያንጠለጥላል። የአገሬው ሰዎች ግን ፈሪና በአጉል እምነት የተተበተቡ ሆነው ነው የሚታዩት። ልቁረጠው?

የልጅ እናት፦ ቁረጠው እንጂ! ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ እጁ የገባውን ሁሉ ያነባል። በቀደም «እማ፣ ጥቁሮቹ ለምንድነው ሁሌ ዕቃ ተሸካሚ የሚሆኑት?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

የመጽሐፍ ነጋዴ፦ እህቴ፣ ይገባኛል፤ ግን አልስማማም። እንዲህ ያሉ ርካሽ የታሪክ መጽሔቶች «ፐልፕ» ይባላሉ፤ ስሙ እኮ የመጣው ከተራው የእንጨት ወረቀታቸው ነው። አሜሪካዊው አሳታሚ ፍራንክ መንሲ እ.ኤ.አ. በ1896 «አርጎሲ»ን ልብ ወለድ ብቻ የሚያወጣ መጽሔት ካደረገው በኋላ ሠራተኛው በ10 ሳንቲም ገዝቶ ያነብ ነበር። ወረቀቱ ቶሎ ይበላሻል። ተነቦ እንዲጣል የታተመ ስለሆነ ማንም አላሳመረውም። ያ ዘመን ስለ ሌላው ሕዝብ ያስብ የነበረውን ሳይሸፋፍን የምናገኘው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 እንግሊዝ ውስጥ ያስቀይማሉ ተብለው የልጆች ደራሲው የሮአልድ ዳል መጻሕፍት ቃላት ሲቀየሩ ስንት ጩኸት ተነሳ! አሳታሚው በኋላ የቀድሞውንም እንዳለ አትማለሁ አለ።

የታሪክ መምህር፦ ሁላችሁም ቃላቱ ላይ ቆማችኋል። ለእኔ የከፋው ሌላ ነው። ያ ፍርስራሽ በእውን ያለ ቦታ ነው፤ ናን ማዶል ይባላል። ከ100 በላይ ሰው ሠራሽ ትናንሽ ደሴቶች አሉት። ግንቡን በፎቶ እዩት። ረጃጅም የባዛልት ድንጋዮች ማገዶ እንደሚከመር አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም ተነባብረዋል። የሠሩት የፖናፔ ሰዎች አባቶች ናቸው፤ ደሴቲቱን ይገዙ በነበሩት በሳውዴለር ነገሥታት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1200 እስከ 1500 ገደማ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ልብ ወለዱ ግን ፍርስራሹን ለጠፋ የጥንት ዘር ይሰጠዋል። ባለቤቱ እዚያው ቆሞ ሳለ! «አጉል እምነት» የሚለውን ብትቆርጥም ይህ አይነቀልም፤ የታሪኩ አጥንት ነው። ላሊበላን የፈረንጅ መስቀል ጦረኞች ሠሩት የሚል ወሬ ስንሰማ ደማችን ይፈላ የለም? የነሱም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ እንዳለ ተርጉመውና መቅድም ላይ እውነቱን ጻፍ።

የመጽሐፍ ነጋዴ፦ በዚህስ ተስማማሁ። ስለ ናን ማዶል ዛሬ ነው የሰማሁት።

የልጅ እናት፦ መምህር፣ የላሊበላው ነገር ልቤን ነክቶታል። ግን የትኛው ልጅ ነው መቅድም የሚያነበው? የኔው በቀጥታ ምዕራፍ አንድ ላይ ነው የሚያርፈው።

ተርጓሚው፦ እውነትሽን ነው። እኔም ልጅ ሆኜ መቅድም እዘል ነበር። የግንቡን ፎቶ ምዕራፍ አንድ ፊት ለፊት አደርገዋለሁ፤ ከሥሩ ማን እንደሠራው በሁለት መስመር። ጽሑፉን አልነካም።

የልጅ እናት፦ ፎቶው ጥሩ ነው፤ ትልቅ አድርገው። ስድቡን ግን አሁንም ቁረጠው እላለሁ።