ለጠፈር ሳይንስ ተማሪዋ ልጅዎ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። «ልጄ የጠፈር ሳይንስ ካልተማርኩ ብላለች፤ ለስደተኛ ልጅ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለው የጠየቁትን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚህ አሜሪካ በዚሁ ሙያ ነው የምኖረው።

ወረቀቱን ላስቀድም። የሮኬትና የሳተላይት ሥራ በወጪ ንግድ ቁጥጥር ሕግ (ቴክኖሎጂው ለውጭ ሰው እንዳይተላለፍ በሚከለክለው) የታጠረ ስለሆነ አብዛኛው ቀጣሪ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል፤ ጥገኝነት የተፈቀደለትም በሕጉ ተካትቷል። ናሳ በቋሚነት የሚቀጥረው ግን በአብዛኛው ዜጎችን ነው። እኔ በተማሪ ቪዛ ሳለሁ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ አንዲት ሴት ቅጼን ገልጣ ባዶ የተውኩትን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። በመጣሁበት ተመለስኩ። የእርስዎ ልጅ ግሪን ካርድ ካላት ይህ አይደርስባትም።

ስለ ሙያው ደግሞ የሕንዳዊውን የኡዲፒ ራማቻንድራ ራኦን ታሪክ ይንገሯት። ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሠርቶ፣ ቴክሳስ አስተምሮ፣ በናሳ መንኮራኩሮች ምርምር ሲያካሂድ የነበረ ሰው በ1966 (ዓመታቱ በፈረንጆች ናቸው) ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ገባ። ሕንድ ያኔ ሳተላይት ሠርታ አታውቅም። ባንጋሎር ውስጥ ፒንያ በሚባል የፋብሪካ ሰፈር፣ መጋዘን በመሰሉ ቤቶች ወጣቶችን ሰብስቦ 360 ኪሎ የምትመዝነውን የሕንድ የመጀመሪያ ሳተላይት አርያብሃታን ሠሩ። ለመረጃ መቀበያ ክፍል ቢያጡ መጸዳጃ ቤቱን አጽድተው መሣሪያውን እዚያ ተከሉ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። በኤፕሪል 1975 በሶቪየት ሮኬት መጠቀች፤ በቀናት ውስጥ ግን ኃይል ተቋርጦ ምርምሩ ቆመ።

ይህን ሰው ነው በ1984 የሕንድ የጠፈር ድርጅት ኢስሮ መሪ ያደረጉት። በ1987 እና በ1988 አዲሱ ሮኬታቸው በተከታታይ ሲከሽፍም አላነሱትም፤ እስከ 1994 መራ። ከሹመቱ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የአገሪቱ ትዕግሥት ነው።

የእኛም የመጀመሪያ ሳተላይት በዲሴምበር 2019 የመጠቀችው በሰው ሮኬት፣ ከቻይና ነው። ጎሕ ሳይቀድ እንጦጦ ተሰብስበው በቀጥታ ስርጭት ያይዋት ከነበሩት መካከል የልጅዎ እኩዮች ቢኖሩ ብዬ እመኛለሁ።

ልጅዎ ስንተኛ ክፍል ናት? ፊዚክሱና ሒሳቡ የሚከብዳት ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስልክ ላስጠናት እችላለሁ።