ሰንጢ ከእጅ አምልጦ ባሕር እንዳይገባ፦ ማሰሪያው ምን ያህል ይርዘም? የትስ ይታሰር?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ባለሸራ

ሰላም ለሁላችሁ። በሸራ ጀልባ ላይ የምይዘው ታጣፊ ሰንጢ ሲዘረጋ 18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እጀታው ጫፍ ላይ ቀዳዳ አለው። በ4 ሚሊ ሜትር የናይለን ገመድ ከሚነፋው የነፍስ አድን ጃኬቴ ደረት ላይ አስሬዋለሁ። ማሰሪያው 1.80 ሜትር ስለሆነ በየቦታው ይጠላለፋል። ባሳጥረው ደግሞ ከራሴ በላይ ያለ ገመድ ለመቁረጥ አይደርስልኝም። ቋጠሮውም ርሶ ሲደርቅ ይላላል። ርዝመቱን፣ የገመዱን ዓይነትና የሚታሰርበትን ቦታ ብትነግሩኝ።

መልስ፦ ሲባጎ

ወንድሜ፣ 1.80 በጣም ረዝሟል። ልኩን ከራስህ ክንድ ውሰድ። የገመዱን ጫፍ ማሰሪያው ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ያዝ፣ ሰንጢ የምትይዝበትን እጅ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ዘርጋ፣ ጡጫህ ጋ ምልክት አድርግ። ከወገብ ሲለካ ለአብዛኛው ሰው ከ1.10 እስከ 1.30 ሜትር ይመጣል። ወደ ተቃራኒው ጎን ጠምዘዝ ብለህም መድረሱን ሞክር፤ ማሰሪያው ሰውነትህን ሲዞር ያጥራልና።

ናይለኑን ተወው። ውኃ ይጠጣል፣ ይለጠጣል፣ ቋጠሮው የሚላላብህም በዚህ ምክንያት ነው። 3 ሚሊ ሜትር የተጎነጎነ ፖሊስተር ይበቃሃል። ዳይኒማ የሚባለው ሰው ሠራሽ ገመድ ጠንካራ ቢሆንም አንሸራታች ስለሆነ ብዙ ቋጠሮዎች አይዙትም፤ ለዚህ ሥራ አላስፈላጊ ነው።

2 ሜትር ቁረጥና ጫፎቹን በእሳት ለብልብ። በአንዱ ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትንሽ ቀለበት፣ በሌላው 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትልቅ ቀለበት ሥራ። ሁለቱንም ገመዱን አጥፈህ በስምንት ቅርጽ ቋጠሮ እሰራቸው። ቦውላይን የሚባለው የቀለበት ቋጠሮ ጭነት ሳይኖርበት ሲወዛወዝ ቀስ በቀስ ይፈታል፤ ስምንቱ ግን ጠብቆ ይቀራል። ከቋጠሮው የሚተርፈው ጅራት ከ3 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ትንሹን ቀለበት በሰንጢው ቀዳዳ አሾልክ፣ የቀረውን ገመድ በሙሉ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፈህ ሳብ። በትልቁ በኩልም እንዲሁ ነው፦ ቀለበቱን በመታሰሪያው ካሾለክህ በኋላ ሰንጢውን ራሱን በውስጡ አሳልፈው። አንድም የብረት መንጠቆ አያስፈልግም። መንጠቆ ሌላ ገመድ ይይዛል፣ ምላሱም በጨው ይደርቃል።

የሰንጢው ቀዳዳ ከ6 ሚሊ ሜትር ከጠበበ እጥፉ 3 ሚሊ ሜትር ገመድ አያልፍም፤ ለዚያ ጫፍ ብቻ በ2 ሚሊ ሜትር ገመድ አጭር ቀለበት ሥራ። የቀዳዳውን ጠርዝም በጣት ዳስሰው። ሻካራ ከሆነ በቀጭን ሞረድ አለስልሰው፤ ማሰሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው እዚያ ነው።

መልስ፦ የወገብ ቀበቶ

ስለ ቦታው ልጨምር። ከደረትህ አንሣው። ጃኬቱ ሲነፋ ፊኛው ደረትን ይሸፍናል፤ ከሥሩ ያለ ነገር ላይ መድረስ ያቃትሃል። ጃኬቱን ከሚያስነፋው መሳቢያ ጋርማ በፍጹም እንዳይነካካ። ከጀልባው ጋር በሚያያይዝህ የደኅንነት ማሰሪያ ላይም አትሰረው፤ ሰንጢ ከሚያዝባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ያንን ማሰሪያ መቁረጥ ነው፤ በቆረጥህ ቅጽበት ሰንጢህም አብሮ ይሄዳል።

ጥሩው ቦታ የሱሪ ቀበቶ ወይም ኪስ ውስጥ የተሰፋ ጠንካራ ቀለበት ነው። ኪሱ በሁለቱም እጅ የሚደረስበት ይሁን። ዓይንህን ጨፍነህ በቀኝም በግራም አውጥተህ ለመክፈት ሞክር፤ በአንድ እጅ የማይከፈት ሰንጢ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሲባጎ ያልጠቀሰው አንድ ነገር አለ። 3 ሚሊ ሜትር ፖሊስተር ከሰው ክብደት በላይ ይሸከማል። የሚዞር ዊንች (የሸራ ገመድ ተጠምጥሞ የሚወጠርበት ከበሮ) ማሰሪያውን ከያዘው ሰውየውን ይጎትታል። ስለዚህ በትልቁ ቀለበትና በቀበቶው መካከል በቀጭን የጥጥ ሲባጎ የተሠራ ደካማ ቀለበት አስገባ። የታጠፈውን ሰንጢ 10 ጊዜ ልቀቀው፣ መያዝ አለበት። ከዚያ በሁለት እጅ በኃይል ንጠቀው፣ መበጠስ አለበት። ካልተበጠሰ ሲባጎውን አሳሳው። ጥጥ በእርጥበት ስለሚበሰብስ ቶሎ ቶሎ ቀይረው።

መልስ፦ ሲባጎ

ልክ ነህ፣ ደካማው ቀለበት ያስፈልጋል። በአንገት ለሚንጠለጠል ማሰሪያ ደግሞ ግዴታ ነው። እንዲያውም አንገት ላይ ባይሆን ይመረጣል።

መልስ፦ ኪሮሽ

መጠላለፉን ለማስቀረት ትርፉን ገመድ እንደ ኪሮሽ ሰንሰለት ጥለፈው። ከቀበቶው በኩል ጀምረህ ወደ ሰንጢው ሂድ፤ 1.20 ሜትሩ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰበሰባል። የመጨረሻውን ዓይን አትቆልፈው። ሰንጢውን ስትስበው የፈለግኸው ያህል ብቻ ይተረተራል። ከሰንጢው በኩል ከጀመርከው ግን ስትስብ አይፈታም። ሰንሰለቱን ከኪሱ ሥር፣ ሰንጢውን ከላይ አድርግ።

ይህ መጠላለፍን እንጂ ሌላውን አደጋ አያስቀርም። ቀዳዳው እጀታው ጫፍ ላይ ስለሆነ ክፍት ሰንጢ ሲያመልጥህ ስለቱ ወደ ታች ዞሮ እግርህ አጠገብ ይወዛወዛል። ቀጥ ብለህ ቁም፣ ሰንጢውን ሳይሆን ገመዱን ያዝ፣ በገመዱ ሳበው። ጫፉ ያልሾለ፣ ባለ ጥርስ ስለት የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ እግርንም የጃኬቱንም ፊኛ አይወጋም፣ ገመድንም እንደ መጋዝ ይበላል።

ጀማሪ ባለሸራ፦

እግዜር ይስጥልኝ። በቀጭኑ ገመድ ፋንታ የላስቲክ ማሰሪያ ብጠቀም አይጠላለፍም ብዬ አስቤ ነበር። ይሆናል?

መልስ፦ ኪሮሽ

አይሆንም። ሲለጠጥ ጉልበት ያጠራቅማል። ስትቆርጥ ሰንጢው ካመለጠህ ስለቱ ክፍት እንደሆነ ወደ ሆድህ ይመለሳል።

መልስ፦ የወገብ ቀበቶ

ስትቆርጥም ማሰሪያው ከእጅህ በስተኋላ ይሁን፤ በስለቱ ፊት ካለፈ ራሱን ትቆርጠዋለህ። የተወጠረ ገመድ በጥቂት ምልልስ ይበጠሳል፣ ግን ተፈናጥሮ ይመለሳልና ከመስመሩ ገለል በል። የላላውን እጠፈው፣ ስለቱን ከእጥፉ ውስጥ አስገባና ከራስህ አርቀህ ሳብ።

የግል ሰንጢ የጀልባውን ቢላ አይተካም። የዓለም አቀፉ የሸራ ጀልባ ስፖርት ድርጅት (ወርልድ ሴይሊንግ) ከባሕር ዳርቻ ርቆ ለሚደረግ ውድድር ያወጣው ደንብ፣ ከጀልባው የላይ ወለል ወይም ከኮክፒት (መሪው ከሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ) በቀላሉ የሚደረስበት፣ አፎት ያለውና በደንብ የታሰረ ጠንካራ ስለታም ቢላ እንዲኖር ያዛል። የዚያን ማሰሪያ ከአፎቱ ሳይሆን ከቢላው እጀታ ጀምር። አፎቱንም ገልብጠህ አራግፈው፤ ቢላው ከወደቀ አፎቱ ይቀየር።

መልስ፦ ሲባጎ

ከባሕር ስትመለስ ሰንጢውን ከነማሰሪያው በንጹሕ ውኃ እጠበው። የማይዝግ የሚባለውም ብረት ማጠፊያው ውስጥ ጨው ከቀረ ይዝጋል። አድርቀህ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርግ፤ ማሰሪያው ላይ ግን አይንካ፣ ያንሸራትታል። ገመዱ ቀዳዳው ጋ ጸጉር ማውጣት ከጀመረ ያን ጊዜውኑ ቀይረው።