11ኛ ቀን ነው፣ ኒውትሮፊሌ (ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል) አሁንም 0 ነው። የእናንተ መቼ ተነሳ?

ክፍል_9
ሰላም ለሁላችሁ። ከታናሽ ወንድሜ ስቴም ሴል (ደም የሚያመርተውን ሴል) ተቀብዬ ዛሬ 11ኛ ቀኔ ነው። ብቻዬን ነው የምተኛው። ሌሊቱን ሙሉ የአየር ማጣሪያው ሲያጉረመርም እሰማለሁ። 11 ሰዓት ላይ ነርሷ ገብታ ደረቴ ላይ ካለው ካቴተር ደም ትቀዳለች። ረፋድ ላይ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ትጽፈዋለች። ኒውትሮፊል፦ 0። ትናንትም 0። ከትናንት ወዲያም 0።

አፌ እስከ ጉሮሮዬ ቆስሏል። ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ በመምጠጫ ቱቦ ነው የማወጣው። ሞርፊን ላይ ነኝ። ምግብም በደም ስር ነው የሚገባልኝ። ይሄን እችለዋለሁ፣ ቀድመው ነግረውኛል። ያቃተኝ ሌላ ነው። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ይደውላል። "ያዘ?" ይላል። ሌላ ነገር አይጠይቅም። ለኔ ብሎ አምስት ቀን መርፌ ተወግቷል። ወገቡን አጥንቱ ድረስ እያመመው ሴሉን ከደሙ የሚለየው ማሽን ላይ አራት ሰዓት ተቀምጧል። "ገና ነው" ባልኩት ቁጥር ድምፁ ይወርዳል። ጥፋቱ የሱ ሴል የሆነ ይመስለዋል። የእናንተ በስንተኛው ቀን ተነሳ? ለጋሻችሁንስ ምን ትሉት ነበር?

ከመስኮቱ_ማዶ
እህቴ አይዞሽ። የኔ በ17ኛው ቀን ነው ከ0 የወጣው። አንቺ ያለሽበት ቀን ላይ እኔም ሰሌዳውን ላለማየት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር የምተኛው። በ15ኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጠዋት ስነቃ ምራቄ ቀጥኗል። በፊት እንደ ሙጫ ነበር የሚጎተተው። ምላሴን ወደ ጉንጬ አስጠጋሁት፣ ነካው፣ አላቃጠለኝም። ለማንም ሳልናገር ደጋግሜ ነካካሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ሰሌዳው ላይ 60 ተጻፈ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። አፍሽን መጉመጥመጥ እንዳትተዪ። እኔ ሕመሙን ፈርቼ ሁለት ቀን ትቼው ባሰብኝ። መጀመሪያ የሞርፊኑን ቁልፍ ተጫኚ፣ ትንሽ ቆይተሽ ተጉመጥመጪ። ከቻልሽ ደግሞ ከአልጋሽ እስከ በሩ ተራመጂ። ለኔ ስምንት እርምጃ ነበር። የግሉኮሱን እንጨት ይዤ በቀን ሦስት ጊዜ እመላለስ ነበር።

የሌሊት_ነርስ
እንደዚህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ከደም ስር የተሰበሰበ ሴል ብዙ ጊዜ የሚነሳው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መካከል ነው። ከመቅኔ የተወሰደ ከሆነ ትንሽ ይዘገያል። "ያዘ" የሚባለው ኒውትሮፊል በአንድ ማይክሮሊትር ደም 500 ደርሶ ሦስት ቀን በተከታታይ ሲቆይ ነው። ጂቪኤችዲን (የለጋሹ ሴል የተቀባዩን ሰውነት ሲያጠቃ የሚመጣውን ሕመም) ለመከላከል ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ተሰጥቶሽ ከሆነ አፍም ይብሳል፣ ቁጥሩም ይዘገያል። ስለዚህ 11ኛ ቀን ላይ 0 መሆን ያለ ነገር ነው። ያንቺን ጉዳይ ግን ሐኪሞችሽ ናቸው የሚያውቁት፣ በዙር ሰዓት ጠይቂያቸው።

እባክሽ፣ ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ ወይም ብርድ ብርድ ካለሽ እስኪነጋ አትጠብቂ። ደወሉን ተጫኚ። እኛን ማስቸገር አይደለም። ቁጥሩ መነሳት ሲጀምር ደግሞ መዳፍሽን፣ ውስጥ እግርሽንና ጆሮሽን እያየሽ ቆዪ። ሽፍታ ካለ፣ ወይም ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከጀመረሽ፣ ያኔውኑ ተናገሪ። ጂቪኤችዲ በጊዜ ሲያዝ ይሻላል።

ታላቅ_እህት
እኔ ለጋሽ ነኝ፣ ለወንድሜ ነው የሰጠሁት። እኔም "ያዘ?" እያልኩ አስጨንቄዋለሁ። ሐኪሙን እስክጠይቅ ድረስ ሴሉ እንደ ደም ገብቶ ወዲያው የሚሠራ ነበር የሚመስለኝ። በደም ስር ዞሮ መቅኔ ውስጥ ይገባል፣ እዛ ይተከላል፣ ይራባል፣ ከዚያ ነው ቁጥሩ የሚታየው። ይሄን ንገሪው። ለጋሽ ጥሩ ሴል ወይ መጥፎ ሴል የሰጠ ሆኖ እንዳይሰማው።

ከ"ገና ነው" በኋላ ያለው ዝምታ ነበር የሚገድለኝ። ወንድሜ ሲገባው ሌላ ወሬ ይጨምርልኝ ጀመር። ማታ ስንት ጊዜ እንደነቃ፣ የትኛዋ ነርስ እንደገባች። እንዳለ አወቅኩ፣ በቃኝ።

ክፍል_9
ከአምስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም ፈጣሪ ይስጥልኝ። በ13ኛው ሌሊት ትኩሳቴ 38.3 ገባ። ደወሉን ተጫንኩ። ወዲያው ደም ወስደው አንቲባዮቲክ ጀመሩልኝ፣ አሁን ወርዷል።

ዛሬ 16ኛ ቀን። ሰሌዳው ላይ 40 ተጽፏል። ነርሷ በቀይ ከበበችው። ወንድሜ ሲደውል "40" አልኩት። "ከስንት?" አለኝ። "500 ድረስ ይሄዳል" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "መንገድ ላይ ናቸዋ" አለ። ከዚያ ማታ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀኝ። ከ16 ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

የሌሊት ነርስ፣ መዳፌን አይቼዋለሁ። እስካሁን ምንም የለም።